ቁልፉ ማን ጋ ነው?

በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከምሳ በኋላ ሃያ ደቂቃ ተናገሪልን» ብሎ ሲደውልልኝ፣ ከአንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም የሚጠበቀውን ጠብቆ ነበር። እኔ ግን ክትፎ በልቶ ለተነሣ ሰው ስለ ኮሌስትሮል ማውራት ደግነት መስሎ አልታየኝም። ደግሞም እዚህ አዳራሽ ውስጥ መሐንዲስ አለ፣ የሕግ ሰው አለ፣ መምህር አለ፣ ባንክ የሚሠራ አለ። ሁላችንንም የሚያገናኘን በሽታ አንድ ነው፤ መሥሪያ ቤት። ስለዚህ ስለ እሱ ላውራ ብያለሁ።

ትምህርት ቤታችን ለሥራ አዘጋጅቶናል እንላለን። እውነት ነው፣ ለሥራው አዘጋጅቶናል። ለሥራ ቦታው ግን አላዘጋጀንም። የአዋቂ ሰው አጥንት 206 መሆኑን፣ የእያንዳንዱንም ስም ሸምድደን ወጣን። አንድ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ከሐኪሙ ጠረጴዛ ተነሥቶ ዋጋ ያለው ወረቀት እስኪሆን ድረስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ግን የነገረን የለም። ሐኪሙ ይፈርማል። ፊርማው ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ ቲተር ይመታበታል። ቲተሩም ብቻውን አይበቃም፣ ክብ ማኅተም ይፈልጋል። ክብ ማኅተሙ መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ሻይ ወጥታለች። መሳቢያው ተቆልፏል። ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ከሚለው ቀጥሎ አብዝቼ የሰማኋትም የጠየቅኋትም እሷን ነው። የቢሮ ቁልፍ፣ የመድኃኒት ቁምሳጥን ቁልፍ፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ቁልፍ፣ የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ። ሁልጊዜም ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ «አሁን እዚህ ነበረ»።

እዚህ ላይ ኮቱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ቢሮ የሠራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ወንበር ጀርባ ላይ የተሰቀለው ኮት። ኮቱ ካለ ሰውየው አለ ማለት ነው። «አሉ፣ ኮታቸውም ይኸው» ይባላል፤ ባለጉዳይ ኮቱን እያየ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ለዓመታት አይቼ የደረስኩበት ነገር፣ የሚለበስ ኮትና ቢሮ የሚያድር ኮት ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች መሆናቸው ነው። ቢሮ የሚያድረው በመስኮቱ በኩል ያለው ጎኑ ፀሐይ የመጠጠው፣ ትከሻው የወንበሩን ቅርጽ የያዘ ነው። አንድ ኃላፊ ሲዛወሩ ኮታቸውን ትተው ሄዱ። ለተተኪያቸው ከንብረት ጋር አብረው ያስረከቡት ይመስለኛል። እኛ ሐኪሞችም ከዚህ ነጻ አይደለንም፤ የእኛ ኮት ጠረጴዛ ላይ የሚተወው ስቴቶስኮፕ ነው። አሁን አሁን ግን ኮቱ እየቀረ ነው፣ «ሲስተም የለም» ተክቶታል። ሲስተም ከኮት ይሻላል። ኮት ያየ ባለጉዳይ ይናደዳል፤ ሲስተም የለም የተባለ ግን «አይ፣ ሲስተም ከሌለማ ምን ታደርጉ» ብሎ አዝኖላችሁ ይሄዳል።

ሁለተኛው የሚገርመኝ ነገር መጠሪያችን ነው። ሆስፒታል ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራም። ነጭ ጋዎን የለበሰ ወንድ ሁሉ «ዶክተር» ነው፤ ላቦራቶሪ ይሥራ፣ ፋርማሲ ይሥራ፣ ገና ተማሪ ይሁን። ነጭ ጋዎን የለበሰች ሴት ሁሉ «ሲስተር» ናት። በዚህ ሕግ መሠረት ራውንድ ስመራ አጠገቤ ያሉት ወንድ ኢንተርኖች ዶክተሮች ናቸው፣ እኔ ሲስተር ነኝ። አንድ አዛውንት ታካሚ ነበሩ። መርምሬ፣ ስለ ሕመማቸው አስረድቼ፣ መድኃኒታቸውን ቀይሬ ስጨርስ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ ዶክተሩ መቼ ነው የሚያየኝ?» አሉኝ። ከኋላዬ የቆመው ኢንተርን መሬት ተከፍታ ብትውጠው የሚመርጥ ይመስል ነበር። «አሁኑኑ ያይዎታል አባባ» ብዬ ወደ ፊት ገፋ አደረግሁት። እሱም ደረታቸውን አዳመጠ። ደስ አላቸው። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ከሰጠኋቸው መድኃኒት ይልቅ ያ የተሻላቸው ይመስለኛል።

ሲስተር መባል አይከፋኝም፤ ኢንተርን ሳለሁ መርፌ አያያዝ ያስተማሩኝ ሲስተሮች ናቸው። የሚከነክነኝ እርስ በርሳችን ያለው ነው። ሰባት ዓመት አብራን የሠራች ነርስ «ዶክተር» ትለኛለች፣ እኔም «ሲስተር» እላታለሁ፤ የአባቷን ስም ያወቅሁት የሠርጓ የጥሪ ካርድ ሲደርሰኝ ነው። ከሷ ዝቅ ሲል ደግሞ መጠሪያውም ይቀራል። «ጽዳት ጥሩልኝ» እንላለን። «ፖርተር የለም እንዴ?» እንላለን። ሰውየው የሥራው ስም ሆኖ ቀረ።

የሆስፒታላችን መዋቅር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሳጥንና ቀስት ነው። ሳጥኖቹ ውስጥ የሥራ መደብ እንጂ የሰው ስም የለም። ከዳይሬክተሩ እስከ ጥበቃው የሁሉም ሰው ስም ከነአባቱ የተጻፈበት አንድ ሰነድ ቢኖር የእቁባችን ደብተር ነው። የሚይዙት የካርድ ክፍሉ ጋሼ ናቸው። የታካሚ ካርድ ይጠፋል፣ የምርመራ ውጤት ይጠፋል፣ የሠራተኛ የግል ማኅደር ይጠፋል፤ የእቁቡ ደብተር ግን ጠፍቶ አያውቅም። ዳይሬክተሩ ፊርማ ለመጠየቅ ወደ ማንም አይሄዱም፣ ሰው ነው ወደ እሳቸው የሚሄደው፤ የእቁብ ቀን ግን ራሳቸው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ተሰልፈው አይቻቸዋለሁ።

የፋሲካው ቅርጫ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሁለት የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች እጃቸውን አጣምረው ቆመው እያዩ ቢላዋውን የሚይዘው የአምቡላንስ ሾፌራችን ነው። አንዴ አንደኛው ቀዶ ሐኪም እጅጌውን ሰብስቦ ሊያግዝ ቢጠጋ «ዶክተር ይተዉት፣ መደቡን ያዛቡብናል» ተብሎ ተመለሰ። ብልቱ ሁሉ እኩል ይደለደላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ለጥበቃው ሻኛ ይደርሰዋል፣ ለፕሮፌሰሩ አጥንት። ማንም አያጉረመርምም። ይህ ሁሉ በግድግዳው መዋቅር ላይ የለም።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ ሌሊት ልንገራችሁ።

በመሥሪያ ቤት ላይ ብዙ ማሻሻያ መጥቶብናል። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ካይዘን መጣ። ካይዘንን አልነቅፍም፤ እንዲያውም ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው፣ ቢያንስ የተሰበሩትን ወንበሮች ከኮሪደር አስወጥቶልናል። «ለሁሉም ነገር ቦታ ይኑረው» ይላል። በዚሁ መሠረት እኛ ዋርድ ውስጥ አንድ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ የመቀሱ፣ የመዶሻው፣ የመፍቻው ቅርጽ በቀለም ተሣለበት። ዕቃው ከቦታው ከተነሣ ጥላው ብቻ ይቀራል፣ አለመኖሩም ከሩቅ ይታያል። ጥሩ አሳብ ነው። መፍቻው በሳምንቱ ጠፋ። ጥላው ቀረ።

ለማታውቁት፣ ይህ መፍቻ የኦክስጅን ሲሊንደር መክፈቻ ነው። እሱ ከሌለ የሞላ ሲሊንደር እንደ ልጅ አቅፋችሁት የምታለቅሱበት ብረት ነው። ሌላም ነገር ልጨምር፤ ኦክስጅኑ ለታካሚው ከመድረሱ በፊት ውሃ በያዘች ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ያልፋል። ኦክስጅን እስካለ ድረስ ውሃው ይንተከተካል። ሌሊት ዋርዱ ጸጥ ሲል የምትሰሙት ድምፅ እሱ ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። እኔና ተረኛዋ ነርስ ከዋርዱ አንድ ጥግ ሌላ ታካሚ ላይ ነን። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ኮሪደሩን እየወለወለች መጥታ መወልወያዋን አቆመችና «ዶክተር፣ የ7 ቁጥሯ ውሃ ዝም አለ» አለችኝ። 7 ቁጥር ላይ በሳንባ ምች የተኛች ወጣት ሴት ነበረች። ሮጥን። ሲሊንደሩ አልቋል። የሞላው ግድግዳው ጥግ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ የመፍቻው ጥላ አለ። ነርሷ ለቴክኒሻኑ ትደውላለች፣ አይነሣም። ኢንተርኑ «ቁልፉ ማን ጋ ነው? መፍቻው ማን ጋ ነው?» እያለ በየክፍሉ ይጮኻል። የልጅቱ ኦክስጅን መጠን ከ90 በላይ የነበረው ወደ 70ዎቹ ወርዷል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል።

ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ምንም ሳትናገር ሊኒን ክፍል ገባች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ ከበሩ በላይ ካለው ጠርዝ መፍቻውን አውርዳ በእጄ ሰጠችኝ። ሲሊንደሩ ተቀየረ። ውሃው እንደገና መንተክተክ ጀመረ። ልጅቱ ከሳምንት በኋላ በእግሯ ወጥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሲነጋጋ ጠየቅኋት። «እዚያ ላይ ማን አስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ሲሆን ከሌላ ዋርድ እየመጡ ይወስዱታል። እዚያ ግን ማንም አያይም። የማታ ተረኛ ለሆነችው ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ለጽዳቶቹ።»

ለጽዳቶቹ። አያችሁ፣ ዋርዱ ሁለት የርክክብ ሥርዓት ነበረው። አንዱ ጠዋት ጠዋት በእንግሊዝኛ፣ በስላይድ፣ ፕሮፌሰር በተገኙበት የሚካሄደው። ሌላው በመወልወያ ማጠቢያው አጠገብ በሁለት ደቂቃ የሚያልቀው። መፍቻው ያለው በሁለተኛው ውስጥ ነበር።

የሌሊቱ ሪፖርት «የኦክስጅን መቋረጥ አጋጥሞ በቡድኑ ፈጣን ምላሽ ተፈትቷል» ይላል። ቡድኑ ተብሎ የሐኪም፣ የነርስና የኢንተርን ስም ተዘርዝሯል። የሷም ስም ይግባ ብል «ቅጹ የሚሞላው በባለሙያ ስም ነው» ተባልኩ። እውነታቸውን ነው፣ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ስሟን እዚህ ልጠራው ብዬ አስፈቅጃት ነበር፤ «ተይኝ ዶክተር፣ ገና እንጀራዬ እዚያው ነው» አለችኝ። ስለዚህ አልጠራውም።

ከዚያ በኋላ የጽዳት ሥራው ለኤጀንሲ ተሰጠ። ብዙ መሥሪያ ቤት እንዲሁ አድርጓል፣ ምክንያትም ይቀርብለታል፤ ወጪ ይቀንሳል፣ ቁጥጥር ይቀላል ይባላል። እዚህ ከሒሳብ ባለሙያዎች ጋር አልጣላም። ግን የማየውን ልናገር። እሷ አሁንም እዚያው ግቢ ናት፣ ዩኒፎርሟ ተቀየረ እንጂ። ዛሬ ማዋለጃ ክፍል፣ በሚቀጥለው ወር የተመላላሽ ሕክምና፣ ከዚያ ደግሞ አስተዳደር ሕንጻ ትመደባለች። የትኛው ውሃ ዝም እንዳለ ለማወቅ አንድ ቦታ ብዙ ሌሊት መሥራት ያስፈልጋል። ወለሉን በማንም ማስወልወል ይቻላል፤ ወለሉ ንጹሕ ነው፣ ቅሬታ የለኝም።

ሌላም ነገር ተከተለ። የሠራተኞች እድራችን መተዳደሪያ ደንብ «ቋሚ ሠራተኛ» ይላል። እናቷ ሲሞቱ እሷ ቋሚ አልነበረችም። ድንኳን አልተተከለም፣ ለቅሶ የደረሰ አልነበረም፤ እኛ የሰማነው ከሣልስቱ በኋላ ነው። እኔ በዚህ አገር ከደመወዝ መቀነስ ይልቅ የሚያሳፍር ነገር ቢኖር ይህ ይመስለኛል።

ጉዳዩ ለጠቅላላ ስብሰባ ቀረበ። ሁለት አጀንዳ ነበር። አንደኛው የኤጀንሲ ሠራተኞች እድሩ ውስጥ ይግቡ ወይስ አይግቡ፤ ሁለተኛው የሻይ ክበቡ የማኪያቶ ዋጋ። እንግሊዛዊው ፓርኪንሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ ቢሮ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የዚህ ዓይነት ስብሰባ አለ። ኮሚቴው 10 ሚሊዮን የሚያወጣውን የአቶሚክ ማብለያ በ2 ደቂቃ ተኩል ያጸድቃል፣ 350 ፓውንድ በሚያወጣው የብስክሌት መጠለያ ላይ ደግሞ 45 ደቂቃ ይከራከራል፤ ማብለያው ለማንም አይገባም፣ መጠለያው ግን ለሁሉም ይገባዋላ። እኔ እኛን ሳይ ፓርኪንሰን ግማሹን ብቻ ነው ያየው እላለሁ። የእድሩ ጉዳይ ለሁላችንም ይገባናል፤ ከማኪያቶ በላይ ይገባናል። ያለፍነው ስላልገባን ሳይሆን ስለገባን ነው፤ አዎ ካልን መዋጮ አለ፣ አይ ካልን ደግሞ አይ ያለው ሰው ስም ቃለ ጉባኤ ላይ ይገባል። ስለዚህ በአምስት ደቂቃ «ይታያል» ተባለ። ማኪያቶው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ወተቱ ተለክቷል፣ የስኒው መጠን ተለክቷል፣ የኦፔሬሽን ክፍል ሰዎች ሁለት ሁለት ስለሚጠጡ ልዩ ዋጋ ይደረግላቸው የሚል ሐሳብም ቀርቧል። «ይታያል» የተባለው እስካሁን አልታየም።

የካርድ ክፍሉ ጋሼ ግን ስብሰባው ላይ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ። በሳምንቱ እቁብ ልከፍል ስሄድ ደብተሩ መጨረሻ ላይ አዲስ ገጽ ተከፍቷል። አሥራ አንድ ስም፣ ከነአባታቸው፣ በዚያ በሚያምረው የድሮ የእጅ ጽሑፋቸው። የኤጀንሲዎቹ ናቸው። «በየትኛው ውሳኔ ነው ጋሼ?» ብላቸው «ምን ውሳኔ አለው፣ ደብተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። እነዚያ ሰዎች አሁን ለቅሶ ሲኖርባቸው እናውቃለን። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ደብተሩን ማን እንደሚረከብ እስካሁን ማንም አልጠየቀም።

ይህን ለሙያ ባልደረቦቼ ሳወራ «ይሄ ማኅበራዊ ጉዳይ ነው፣ ከሕክምና ጥራት ጋር ምን አገናኘው?» የሚሉኝ አሉ። ለነሱ የማነሣው የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ነው። በስምንት ከተሞች ተሞክሯል፤ ለንደንና ሲያትል ብቻ ሳይሆኑ የታንዛኒያዋ ኢፋካራም ነበረችበት። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከ100 ከ1.5 ወደ 0.8 ወርዷል። ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ብዙዎቹን ነገሮች ማንም ቀዶ ሐኪም ያውቃቸዋል፤ አንቲባዮቲክ ተሰጥቷል ወይ፣ በሽተኛው ትክክለኛው ነው ወይ። ቢላዋው ቆዳ ከመንካቱ በፊት ከሚጠየቁት አንዱ ግን፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስሙንና ሥራውን ተናግሯል ወይ የሚል ነው። አንዳንድ ክፍል ይህችን አንሥቅም ብለው እየሣቁ ይዘሏታል። እኔ ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል፤ ስሙን ጮክ ብሎ ተናግሮ የነበረ ሰው፣ ኋላ ፋሻ ሲጎድል ቢያይ «ቆይ» ለማለት አፉ ይፈታለታል። ያቺ ሴት ያን ሌሊት «ዶክተር» ብላ ባትጠራኝ ኖሮ መፍቻው ያለበትን ቦታ ማወቋ ብቻ ምን ይጠቅመን ነበር?

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቹን ወደ ሆስፒታል ስትልኩ አንዲት ቀን ጨምሩላቸው። እኔ በራሴ ክፍል ካለፈው ዓመት ጀምሮ እያደረግሁት ነው። አዲስ ኢንተርኖች ሲመጡ የመጀመሪያው ጠዋት ራውንድ የለም። ካርድ ክፍል ይሄዳሉ፣ ላውንደሪ ይሄዳሉ፣ የኦክስጅን መጋዘን፣ መዝገብ ቤት፣ የጥበቃ ክፍል፣ አስከሬን ክፍል ይሄዳሉ። በየቦታው ሁለት ነገር ጽፈው እንዲመጡ አዛለሁ፤ እዚያ የሚሠሩትን ሰዎች ስም ከነአባታቸው፣ ቀጥሎ ደግሞ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነና ያ ሰው ከሌለ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ። ሁለተኛውን ለማንም እንዳያሳዩ አደራ እላቸዋለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ከወጣ ይጠፋል።

ያጉረመርማሉ፣ አልዋሻችሁም። «ለዚህ ነው ስድስት ዓመት የተማርነው?» ያለኝም አለ። ባለፈው አንዷ ግን ከሰዓት በኋላ ወረቀቷን ይዛ መጣች፤ ሃያ ሦስት ስም፣ የላውንደሪዋ እናት ቡና አፍልተውላት አርፍዳለች፤ ሎግ ቡኳንም ዘርግታ «ዶክተር፣ ይሄ እንደ ፕሮሲጀር ይቆጠርልኛል?» አለችኝ።

ፈረምኩላት። ቲተሬንም መታሁበት። ክብ ማኅተሙን ግን አላገኘንም፤ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ሻይ ወጥታ ነበር። ኢንተርኗ «ቁልፉ የት እንዳለ እኮ አውቃለሁ» ብላ ሄደች።